ሙቀቱ አይቀርም፦ ከጎንደር ኖራ እስከ ጉባ ግድብ

«ግድቡ ተሰነጠቀ» የሚል ወሬ ባለፉት ዓመታት ስንት ጊዜ እንደሰማችሁ እስቲ አስታውሱ። አንዳንዴ ከካይሮ በኩል በተንታኝ አንደበት ይመጣል፤ አንዳንዴ ማን እንደለጠፈው ከማይታወቅ ደብዛዛ ፎቶ ጋር። የእኛም መልስ ሁሌ ከሁለት አንዱ ነው። ግማሻችን «የጠላት ወሬ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ግማሻችን ደግሞ ሆዳችን ይባባል፤ ቦንድ የገዛንበት፣ በ8100 መልእክት የላክንበት ነገር ነውና።

ሁለቱም መልሶች አንድ ጥያቄ ይዘላሉ፦ ለመሆኑ የኮንክሪት ግድብ ለምን ይሰነጠቃል?

ብዙ ሰው የውሃውን ግፊት ይጠራል። እውነት ነው፣ ግፊቱ ከባድ ነው። ግን ውሃው ገና ሳይጠራቀም ግድቡን የሚፈትነው ሌላ ኃይል አለ። እሱም ከራሱ ከሲሚንቶው የሚወጣው ሙቀት ነው። ዛሬ የማወጋችሁ የሰው ልጅ ይህን ሙቀት እንዴት እንዳወቀው፣ እንዴት እንደለካው፣ በኋላም እንዴት መውጫ እንዳበጀለት ነው። ታሪኩን ያወቀ ሰው ወሬ ሲመጣ ከመደንገጥም ከመሳደብም የተሻለ ነገር ማድረግ ይችላል፤ ትክክለኛውን ጥያቄ ይጠይቃል።

▪️ ኖራው የሚመልሰው እሳት

ከሲሚንቶ በፊት ኖራ ነበር። የጎንደርን ቤተ መንግሥቶች በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያቆሙት ግንበኞች ድንጋዩን ከድንጋይ ያያያዙት በኖራ ነው። አሠራሩን ስታዩት እንግዳ ነገር አለው። የኖራ ድንጋይ ምድጃ ውስጥ ገብቶ ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ ይቃጠላል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣና ቀለል ያለ ነጭ ድንጋይ ይቀራል። ይህ ድንጋይ ቀዝቅዞ፣ በእጅ ተይዞ፣ ቀናት አልፎት ውሃ ሲፈስበት ግን እንደ ወጥ ይንተከተካል። እንፋሎት ይወጣዋል፤ የተጠጋውን ያቃጥላል። እሳት በሌለበት ውሃው ፈላ።

ሙቀቱ ከየት መጣ? ከምድጃው። እንጨቱ የሰጠው ሙቀት ድንጋዩን አግሎ ብቻ አልበነነም፤ ከፊሉ ድንጋዩን ከጋዙ ለመለየት ሥራ ላይ ውሎ እዚያው ተቀምጧል። ኬሚስቶች ይህን በቁጥር ያስቀምጡታል። አንድ ሞል የኖራ ድንጋይ ለመለያየት 178 ኪሎ ጁል ይወስዳል። ውሃ ሲነካው 65 ኪሎ ጁል ይመልሳል። የቀረውን 113 ደግሞ ግድግዳው ውስጥ ሆኖ፣ ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ወደ ድንጋይነቱ ሲመለስ፣ በዓመታት ውስጥ ማንም ሳያውቀው ቀስ አድርጎ ያወጣዋል። 65 ሲደመር 113፣ 178። ሒሳቡ ሳንቲም አይጎድለውም።

የጎንደር ግንበኛ ይህን ቁጥር አያውቅም ነበር። ኖራው ሲፈላ ርቆ መቆም እንዳለበት ግን ያውቃል።

▪️ ሙቀትን በበረዶ የለኩት ሰዎች

ቁጥሩን ለማግኘት ሙቀት የሚለካበት ዘዴ ያስፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1782 እና 1783 መካከል በነበረው ክረምት፣ ፓሪስ ውስጥ ላቮዚዬና ላፕላስ አንድ ዕቃ ሠሩ። የሚፈተነው ነገር መሃል ላይ ይቀመጣል፤ ዙሪያው በበረዶ ይሞላል። ከሚቃጠለው ወይም ከሚዋሐደው ነገር የወጣው ሙቀት በረዶውን ያቀልጣል፤ የቀለጠው ውሃ ይመዘናል። ሙቀት በሚዛን ላይ ወጣ ማለት ነው። ሁለቱ ሰዎች ያኔ ያስቀመጡት ሐሳብ ዛሬም አለ፦ አንድ ነገር ሲዋሐድ የሚያወጣው ሙቀት፣ ለመለያየት ከሚፈልገው ጋር እኩል ነው።

ላቮዚዬን እ.ኤ.አ. በ1794 አብዮቱ በጊሎቲን በላው። ሐሳቡ ግን ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1840 ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ ይሠራ የነበረው ዠርማን ሄስ አንድ እርምጃ ወደፊት ወሰደው። የሰልፈሪክ አሲድን በአንድ ጊዜ ወይም በደረጃ በደረጃ ከውሃ ጋር እያቀላቀለ ሙቀቱን ለካ። መንገዱ ቢለያይም ድምሩ አንድ ሆነ። መነሻውና መድረሻው አንድ እስከሆነ ድረስ በጠቅላላው የሚወጣው ሙቀት አይለወጥም። በትምህርት ቤት «የሄስ ሕግ» ተብሎ ተምረነው ለፈተና ሸምድደን የረሳነው ይህ ነው።

ለግንበኛ ግን ይህ ሕግ ከፈተና ጥያቄ በላይ ነው። «ሙቀቱን ማጭበርበር አትችልም» ይለዋል። የያዝከው ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ውሕደቱን ሲጨርስ የሚያወጣው የታወቀ መጠን አለ፤ ፈጠንክም ዘገየህም ያንኑ ያወጣል። በእጅህ ያለው ሦስት ነገር ብቻ ነው። የሲሚንቶውን መጠን መቀነስ፣ ዓይነቱን መለወጥ፣ ወይም ለሚወጣው ሙቀት ጊዜና መውጫ መስጠት። ከዚህ በኋላ የምታነቡት የግድብ ታሪክ ሁሉ ከእነዚህ ሦስቱ አይወጣም።

▪️ ሲሚንቶ «አይደርቅም»

እ.ኤ.አ. በ1824 የእንግሊዝ አገር ግንበኛ የነበረው ጆሴፍ አስፕዲን «ፖርትላንድ ሲሚንቶ» የሚለውን ስም በፓተንት አስመዘገበ። የዛሬው ሲሚንቶ ከእሱ ብዙ ተሻሽሏል። የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር ተፈጭተው እስከ 1,450 ዲግሪ በሚደርስ ምድጃ ይጋገራሉ፤ የሚወጣው ጠጠር መሰል ክሊንከር እንደገና ይፈጫል። እንደ ኖራው ሁሉ ከምድጃው ኃይል ከፊሉ በውስጡ ተቀብሮ ወደ ከረጢት ይገባል።

ሲሚንቶ ሲጠነክር «ደረቀ» እንላለን። አልደረቀም። ቢደርቅማ ውሃ ውስጥ ባልጠነከረ። ይህን በደንብ ያብራራው ፈረንሳዊው የማዕድን መሐንዲስ ሄንሪ ለ ሻተሊዬ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1887 ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፉ። አዎ፣ በኬሚስትሪ ክፍል «የለ ሻተሊየር ፕሪንሲፕል» እያልን ያስቸገረን ሰውዬ ራሱ ነው። ሲሚንቶው ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ ከውሃው ጋር ተዋሕዶ እንደ አዲስ ጥቃቅን ክሪስታል ሆኖ ይወጣል፤ ክሪስታሎቹ ይጠላለፋሉ። ጥንካሬው ከዚያ ነው። ሙቀቱም ከዚያ ነው።

መጠኑን በቤታችን ልክ እንየው። አንድ ኪሎ ተራ ሲሚንቶ ውሕደቱን እስኪያገባድድ ወደ 350 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ያወጣል። አንድ ሊትር የቧንቧ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ነው። አንድ ኪሎ ሲሚንቶ፣ አንድ ጀበና ቡና በሉት። ታዲያ ቤት ስንሠራ ለምን አያቃጥለንም? አንደኛ፣ ሙቀቱ የሚወጣው በአንዴ አይደለም፤ በቀናትና በሳምንታት ነው። ሁለተኛ፣ የቤታችን ሶሌታ ቀጭን ነው። የወጣው ሙቀት ወዲያው ወደ አየር ይሄዳል።

ውፍረት ሲጨምር ግን ነገሩ ይገለበጣል። ኮንክሪት ሙቀት በቀላሉ አያሳልፍም። 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግድግዳ ከአካባቢው ሙቀት ጋር ለመስተካከል አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃዋል። 1.5 ሜትር የሆነው ሳምንት ይፈልጋል። 15 ሜትር የሆነው 2 ዓመት። 150 ሜትር የሆነውስ? 200 ዓመት ገደማ። ውፍረቱ በ10 እጥፍ ሲያድግ ጊዜው በ100 እጥፍ ያድጋል።

ችግሩ ሙቀቱ በራሱ አይደለም። የጋለ ኮንክሪት ይለጠጣል፤ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። 100 ሜትር ርዝመት ያለው ኮንክሪት በ20 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ማጠር ይፈልጋል። ግርጌው ግን ከዐለት ጋር ተጣብቋል፤ እንዲያጥር አይፈቀድለትም። ኮንክሪት ሲጫኑት ጀግና ነው፣ ሲጎትቱት ደካማ፤ ለመጎተት ያለው አቅም ለመጫን ካለው አንድ አሥረኛው ያህል ነው። ስለዚህ ይሰነጠቃል። ጠብታ ውሃ ሳይደርስበት፣ ከራሱ የተነሳ።

▪️ በበረሃ ውስጥ ያለው ማቀዝቀዣ

ይህ ጉዳይ በትልቁ የተፈተነው አሜሪካ ውስጥ፣ በኮሎራዶ ወንዝ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 የሁቨር ግድብ ሥራ ሲጀመር በዓለም ላይ ያንን የሚያህል ኮንክሪት በአንድ ቦታ አፍስሶ የሚያውቅ አልነበረም። ቁመቱ 221 ሜትር፤ ኮንክሪቱ ወደ 2.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ። በያንዳንዱ ሜትር ኩብ ውስጥ ከ220 ኪሎ በላይ ሲሚንቶ ነበር። መሐንዲሶቹ ሲያሰሉት፣ ግድቡ እንደ አንድ ድፍን አካል ቢሞላ ሙቀቱ ወጥቶ እስኪያልቅ ከ100 ዓመት በላይ ይፈጃል፤ እስከዚያም በየአቅጣጫው ይሰነጣጠቃል።

ሙቀቱ ደግሞ ከውጭም ነበር። ጊዜው የኢኮኖሚ ድቀቱ ዘመን ነው፤ ሥራ ያጣው ሰው ቤተሰቡን ይዞ ወደ በረሃው ጎርፏል። በ1931 የበጋ ወራት በሸለቆው ሙቀት ብቻ በርካታ ሠራተኞች ሞቱ። በዚያው ነሐሴ ወር ሠራተኛው ሥራ አቆመ። በይፋ የተመዘገበው የግድቡ ግንባታ ሟቾች ቁጥር 96 ነው።

መፍትሔው በሦስቱም መንገድ መጣ። አንደኛ፣ ሲሚንቶውን መለወጥ። አሜሪካዊው ኬሚስት ሮበርት ቦግ እ.ኤ.አ. በ1929 የአንድን ሲሚንቶ ዋና ዋና ውሕዶች መጠን ማስላት የሚቻልበትን ቀመር አሳትሞ ነበር። ከውሕዶቹ አንዳንዶቹ ፈጥነው የሚጋሉ፣ አንዳንዶቹ ዝግ ብለው ትንሽ ሙቀት የሚያወጡ ናቸው። ስለዚህ ዝግተኛው የበዛበት ዝቅተኛ ሙቀት ያለው ሲሚንቶ እንዲመረት ተደረገ። ሁለተኛ፣ ግድቡ እንደ አንድ ድፍን አካል ሳይሆን ጎን ለጎን እንደቆሙ ምሰሶዎች ተከፋፍሎ ተሠራ፤ እያንዳንዱ ንብርብር ከ1.5 ሜትር አይበልጥም፤ ቀጣዩ እስኪፈስስበት ቀናት ይጠብቃል። ሦስተኛው ከሁሉም ይገርማል። በኮንክሪቱ ውስጥ ከ930 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ቀጭን የብረት ቧንቧ ተቀበረ። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ከሚደርሰው የባቡር ሐዲድ ይረዝማል። መጀመሪያ የወንዙ ውሃ፣ ቀጥሎ ደግሞ በቀን 1,000 ቶን ያህል በረዶ መሥራት ከሚችል ፋብሪካ የወጣ ቀዝቃዛ ውሃ በቧንቧው ተላለፈ። ምሰሶዎቹ ቀዝቅዘው ተሰበሰቡ፤ በመካከላቸው የተከፈተው ክፍተትና ቧንቧው ራሱ በሲሚንቶ ፈሳሽ ተሞልቶ ታሸገ።

የግንባታው አለቃ ፍራንክ ክሮው በጥድፊያው የታወቀ ሰው ነበር፤ ሥራውንም ከቀጠሮው ሁለት ዓመት ቀድሞ አስረክቧል። ከሰኔ 1933 እስከ ግንቦት 1935 እ.ኤ.አ. ድረስ ቀንና ሌሊት ተሞላ። ግን ልብ በሉ፤ እሱ የሮጠው ሙቀቱን ንቆ አይደለም። በረሃ መሃል የበረዶ ፋብሪካ አቁሞ ነው የሮጠው። በነገራችን ላይ «ሠራተኞች ኮንክሪቱ ውስጥ ተቀብረው ቀርተዋል» የሚባለው ተረት ሐሰት ነው። በቀጫጭን ንብርብር የሚሠራ ግድብ ሰው ውጦ አያስቀርም።

▪️ ትንሽ ሲሚንቶ፣ ብዙ ሮለር

ቀጣዩ ትውልድ ሌላ ጥያቄ ጠየቀ፦ ሙቀቱን በብዙ ወጪ ከማውጣት ይልቅ መጀመሪያውኑ ብናሳንሰውስ? ከዚህ የተወለደው በሮለር የሚጠቀጠቅ ኮንክሪት ነው፤ በምሕጻሩ «አርሲሲ» የሚባለው። ውሃው ጥቂት፣ ሲሚንቶው ጥቂት፣ ከሲሚንቶው ከፊሉ በአመድ ወይም በእሳተ ገሞራ አፈር የተተካ። በገልባጭ መኪና ይመጣል፣ በዶዘር ይነጠፋል፣ እንደ መንገድ በሮለር ይጠቀጠቃል፤ 30 ሴንቲ ሜትር፣ እንደገና 30 ሴንቲ ሜትር።

ልዩነቱን አስሉት። በሜትር ኩብ 220 ኪሎ ሲሚንቶ ያለው ኮንክሪት ሙቀቱ መውጫ ካጣ በ30 ዲግሪ ገደማ ይግላል። 100 ኪሎ ብቻ ያለው በ15 ዲግሪ ገደማ። ግማሹ ጣጣ ሳይወለድ ቀረ ማለት ነው።

ነጻ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1982 አሜሪካ ውስጥ ኦሪገን ግዛት የተሠራው ዊሎው ክሪክ ግድብ ሙሉ በሙሉ በዚህ ዘዴ ከተሠሩት ቀዳሚው ነው። ኮንክሪቱ በጥቂት ወራት ውስጥ ተነጠፈ፤ ሁሉም አጨበጨበ። ውሃ ሲሞላበት ግን በንብርብሮቹ መካከል ሰርጎ ወጣ፤ በኋላ በሲሚንቶ ፈሳሽ መድፈን አስፈለገ። አልፈረሰም። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነበር፦ ሙቀቱን ስትቀንስ ጭንቀቱ ወደ መጋጠሚያው ይዞራል፤ እያንዳንዱ ንብርብር ከታችኛው ጋር ሳይቀዘቅዝና ሳይቆሽሽ በሰዓቱ መያያዝ አለበት።

▪️ ጉባ

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በ2009 ዓ.ም የተመረቀው ጊቤ 3፣ ከ240 ሜትር በላይ ቁመት ያለው፣ በዚሁ ዘዴ የተሠራ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም የመሠረት ድንጋዩ ተቀምጦ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ዋና አካልም እንዲሁ። ቁመቱ 145 ሜትር፣ ርዝመቱ 1,780 ሜትር፣ ኮንክሪቱ ከ10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ። ሁቨርን አራት ጊዜ ያህል ማለት ነው። ቦታው ደግሞ ጉባ ነው፤ ቆላ፣ ጥላ እንኳ የማያበርድበት አገር።

በእንዲህ ያለ አገር ኮንክሪት መሙላት ማለት ከሁለት ሙቀት ጋር መታገል ነው፤ ከፀሐዩና ከሲሚንቶው። በሞቃት አገር ያሉ ግድብ ሠሪዎች ጠጠሩን ያቀዘቅዛሉ፣ ከማቡኪያው ውሃ ከፊሉን በበረዶ ይተካሉ። እዚህ ላይ ላቮዚዬ ተመልሶ ይመጣል። አንድ ኪሎ በረዶ ለመቅለጥ የሚወስደው ሙቀት ወደ 334 ኪሎ ጁል ነው፤ አንድ ኪሎ ሲሚንቶ ከሚያወጣው ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረው።

ሌላም ዘዴ አለ። መሐንዲሱ ግድቡን ራሱ አስቀድሞ ይቆርጠዋል! በየተወሰነ ሜትር ከላይ እስከ ታች መገጣጠሚያ ይከፈትና ውሃ በሚነካው ጎን ውሃ ማገጃ ይገባበታል። መሰብሰቡ ካልቀረ ቦታውን እኛ እንምረጥለት ነው ነገሩ። በግድቡ ሆድ ውስጥ ደግሞ ሰው የሚሄድባቸው መተላለፊያዎች አሉ፤ የሰረገው ውሃ እዚያ ተሰብስቦ ይለካል። ስለዚህ በግድብ ውስጥ ቀጥ ያለ መስመር ወይም የሚንጠባጠብ ውሃ የሚያሳይ ፎቶ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ትልቅ ነገር የሚሆነው ለውጡ ነው፦ ትናንት ይህን ያህል የነበረው ስርገት ዛሬ በድንገት ጨምሯል ወይ? ውሃው ደፍርሷል ወይ? የውስጡ ቴርሞሜትር እንደተጠበቀው እየወረደ ነው ወይ?

እኔ እንደ ዜጋ የምጠይቀው ይህንን ነው። የግድቡ የሙቀት፣ የስርገትና የእንቅስቃሴ ልኬት በየዓመቱ በቀላል አማርኛ ለሕዝብ ይውጣ። ሠርቶ ለመረቀ አገር ይህ ከባድ አይደለም። ወሬን የሚገድለው መፈክር ሳይሆን ቁጥር ነው። ቁጥሩ በእጃችን ካለ ካይሮ ያለው ተንታኝ የፈለገውን ይበል፤ ልጆቻችን መዝገቡን ከፍተው ያነባሉ።

ይህ ጥያቄ ለአንድ ዓመት ብቻ የሚሆን አይደለም። ግርጌው ከ100 ሜትር በላይ የሚሰፋ አካል ከላይ ያየነውን የውፍረት ስሌት ይከተላል። ሪባኑ ተቆርጧል፣ ተርባይኖቹ ዞረዋል፣ የግድቡ እምብርት ግን የገባበትን ሙቀት ገና አውጥቶ አልጨረሰም። ለአሥርት ዓመታት፣ ምናልባትም የልጅ ልጆቻችን አርጅተው እስኪያልፉ፣ ቀስ እያለ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ለካዩም ሥራው አላለቀም።

ለማጠቃለል ያህል አንድ የቤት ምክር ልጨምር። ቤት የምትሠሩ ከሆነ፣ ከረጢቱ ላይ ኦፒሲና ፒፒሲ የሚል ታያላችሁ። ፒፒሲው ውስጥ ፑሚስ የመሰለ የእሳተ ገሞራ አፈር ስላለ ሙቀቱ ዝግ ያለ ነው፤ ጥንካሬውም ቀስ ብሎ ይመጣል። ለየትኛው ሥራ የትኛው እንደሚሆን ለቀን ሠራተኛው ሳይሆን ለመሐንዲሱ ተዉት። ሶሌታው ከተሞላ በኋላ ግን ቢያንስ ለ7 ቀን ጆንያ አልብሳችሁ ውሃ አጠጡት። ከግድቡ በተቃራኒ የእናንተ ችግር ሙቀት አይደለም፤ ውሃው በንፋስና በፀሐይ ቀድሞ ካለቀ ውሕደቱ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል፤ የከፈላችሁበት ጥንካሬ ከረጢቱ ውስጥ እንደቀረ ቁጠሩት።

በሚቀጥለው ጊዜ «ተሰነጠቀ» የሚል ፎቶ ስልካችሁ ላይ ሲደርስ፣ ከማጋራታችሁም ከመሳደባችሁም በፊት «የት ላይ? ከመቼ ጀምሮ? ስንት ተለካ?» ብላችሁ መልሱለት።